አሥራ አራት ዲግሪ

«ይሄን ገጽ ቅደጂው» አላት ሥራ አስኪያጁ የጥራት ባለሙያዋን፣ የክትባት ማከማቻውን የሙቀት መዝገብ ፊቷ ዘርግቶ። በሌላ እጁ ያልተጻፈበት ገጽ ይዟል። ማቀዝቀዣው ከስምንት ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ እሷ ግን ዛሬ ጠዋት አሥራ አራት ብላ መዝግባለች። ኢንስፔክተሮቹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

«እዚህኛው ላይ አምስት ብለሽ ጻፊና ፈርሚ።»

«አልፈርምም! ከዚህ መዝገብ ገጽ አይቀደድም፣ ቁጥርም አይፋቅም። ተሳስተሻል ካሉኝ አንድ መስመር ያስምሩበት፤ የድሮው ቁጥር ከሥር ይነበብ። አጠገቡ ምክንያቱን ጽፈው ይፈርሙበት። ይኸው እስክሪብቶ።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አልነካውም።

«ስድስት ሺህ ብልቃጥ ሊጣል እኮ ነው!»

«ይጣላ! የተበላሸ ክትባት ለሕፃን ከሚሰጥ ይጣል።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት የማቀዝቀዣውን በር ሳይዘጋ የወጣው ሰው ይባረራል። ልጆች ይኖሩታል። የሰው እንጀራ ስትዘጊ ትንሽ አይከብድሽም?»

«ይከብደኛል።»

«ታዲያ ተይዋ!»

«አልተውም።»

«እሺ፣ ማነው እሱ? ታውቂዋለሽ?»

መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። ከአሥራ አራቱ አጠገብ «የማቀዝቀዣውን በር ሳትዘጋ የሄደችው ዘነቡ ደምሴ ናት» ብላ ጻፈች። ቀኑንና ሰዓቱን ጨመረችበት፤ ፈረመች። ከዚያ ያንኑ ስም የያዘውን መታወቂያ ከደረቷ ፈታችና መዝገቡ ላይ አስቀመጠችው።