የጨዋታ አዋቂው ቪዲዮዎች

አባት በሞተ በዓመቱ የቤቱ ኮምፒውተር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ትልቁ ልጅ ሲሰማ ክው አለ። የአባቱ ቪዲዮዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ልጁ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ነገር ሳይደርስ መፍራት ያውቅበታል።

አባት ጨዋታ አዋቂ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሜራውን ያቆምና የሚስቱን አረማመድ፣ አነጋገር፣ ሰው ፊት ስትናገር የሚይዛትን መንተባተብ እያስመሰለ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰዋል። ከሁሉም የምትወደደው የመኪናዋ ቪዲዮ ናት። እናት መንዳት ስትለማመድ የግቢውን በር ገጭታ ስትጮህ፣ አባት ከመሮጥ ይልቅ እየሳቀ የቀረጻት። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይቺ ቪዲዮ ትከፈታለች፤ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እናትም አፏን በመዳፏ ከድና ትስቃለች።

የማትስቀው ሴት ልጇ ብቻ ናት። ነርስ ናት፤ ቪዲዮው ሲጀምር ተነስታ በረንዳ ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን እንዲያውም "ይሄን ነገር የሚያቃጥልልኝ ባገኝ!" ብላ ነበር። ወንድሟ ቂም ያዘ። በሞተ አባቷ ላይ እንዲህ የምትል ልጅ ከምን ትመለሳለች?

ልጁ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራ። ጠጋኙ ጠዋት መጥቶ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈተ። በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን ቀድቶ ሲጨርስ አሮጌውን አውጥቶ ጣለና መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ገጠመ።

"እንደ መስታወት ናቸው" አለ። "አንዱ ላይ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ሳላውቅ ነካክቼ አንድ ነገር ባጠፋስ?" አለች እናት ሥጋት በተሞላ ድምፅ። "እዚያኛው ላይ ይቀራል?"

"አይ እማማ፣ ከሁለቱም ይጠፋል። ግን አይስጉ፤ የጠፋ ነገር መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው። ቅርጫቱ ካልተጠረገ፣ በላዩም ሌላ ነገር ካልተጫነበት ይመለሳል።" ወደ ልጁ ዞሮም "ቢሆንም ሌላ ቅጂ ውጪ ያስቀምጡ" አለው።

"ሁለት ዲስክ ገዝቼ ደግሞ ሦስተኛ?" ልጁ ሳቀበት።

እናት ግን ነገሩን ከልቧ ያዘችው። ዘመድ ጋ ሁሉ እየደወለች "እናንተ ጋ ያለውንም አምጡ፤ ተበታትኖ ከሚጠፋ አንድ ቦታ ይሁን" አለች። ቪዲዮ የያዘ ፍላሽ ሁሉ ተሰበሰበ። ልጁ አንድ ሳያስቀር ቀዳ፤ እሷም ፍላሾቹን አስጠርጋ ለጎረቤት ተማሪዎች አደለች። "ሞቶም እንዲህ የሚወደድ ባል!" አለች አክስት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ያን ሰሞን እናት ድራማ መውደድ ጀመረች። ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ኮምፒውተሩ ላይ ተከታታይ ድራማ ትጭንላታለች። እናት አትጠግብም፤ "ገና ቦታ አለው፣ ጨምሪልኝ" ትላታለች።

አንድ እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ "የመኪናዋን ክፈታት እስቲ!" ተባለ። ልጁ ማህደሩን ከፈተ። ባዶ ነው።

ጠጋኙ ተጠርቶ መጣ፤ ብዙም አልቆየ። "ዲስኮቹ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ሰው ነው ያጠፋው። ቅርጫቱ ተጠርጓል፤ በላዩ ላይ ድራማ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከእንግዲህ አይመለስም።"

ልጁ ወደ እህቱ ዞረ። "ድራማውን ማነው የጫነው?"

"እኔ ነኝ። ግን እኔ…" ልጅቷ ንግግሯን አቋርጣ እናቷን አየች። እናት ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር እየለቀመች ነው።

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ወንድሟ መለሰች። "አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች በመጨረሻ።

"አባቴን ሁለተኛ ገደልሽው!" ብሎ ጮኸ ወንድሟ። "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም። እዚህ ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ!"

አክስት ተራገመች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በር ድረስ እንኳ የሸኛት የለም። እናትም ከቀሚሷ ክር መልቀሟን አላቆመችም።

ዘመዱ ሲበተን ልጁ እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያሳዝን ነበር።

"አይዞሽ እማዬ" አላት ቀና ብሎ። "የመኪናዋ ስልኬ ላይ አለች። ከአባዬ የቀረችን እሷ ብቻ ናት። እንኪ፣ እሷን እያየሽ ተጽናኚ።" ስልኩን ከፍቶ ሰጣትና ፊቱን ሊታጠብ ገባ።

የቧንቧው ውኃ ገና እየፈሰሰ፣ እናት ቪዲዮውን ሳትከፍት አጠፋችው፤ ቅርጫቱንም ጠረገች።