የቡንዳር ዘጠኝ ኮከቦች

ካሻን ከተማ ውስጥ ቡንዳርን የማያውቅ የለም። ሸክላ ላይ ብርና መዳብ ቀብቶ፣ በጭስ አፍኖ፣ ወርቅ አስመስሎ ያወጣዋል። ጥንቸል ከሳለ ዘላ የምታመልጥ ትመስላለች። ፊደል ግን አንድም አያውቅም።

የሸክላውን ጠርዝ በምርቃት ስንኝ የሚሞላለት ፈራሙርዝ ነበር። ለአንድ ደግ ሰው መቃብር ግድግዳ አርባ የኮከብ ቅርጽ ያለው ሸክላ ታዘዘ። ፈራሙርዝ ሠላሳ አንዱን ጽፎ ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ወደ ኢስፋሃን ኮበለለ። ሐሙስ ርክክብ ነው፤ እቶኑ ደግሞ ሦስት ቀን ይፈልጋል።

የቡንዳር ሚስት ጉልናር እውነቱን ተናገር አለችው።

"ለዛሂር?" አለ ቡንዳር።

ዛሂር የመቃብሩ ሥራ ተቆጣጣሪ ነው። የሬይ ከተማውን ሸክላ ሠሪ ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ጎድላለች ብሎ ከነአህያው መልሶታል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ማሰሮ ነው የሚሠራው።

ቡንዳር ብሩሹን አነሳ። ፈራሙርዝ ሲጽፍ እንዳየው፣ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ዘንግ አቆመ፣ ቀለበት አዞረ፣ ነጥብ በተነ። ዘጠኙንም ሞላ።

"ምን ይላል?" አለች ጉልናር።

"እኔ ምን አውቄ። ያምራል።"

"ማሰሮም ያምራል።"

ከእቶን ሲወጡ ጥላሸት ነበሩ። ጉልናር በእርጥብ አፈር አሸቻቸው፤ አበሩ።

ሐሙስ ዛሂር መጣ። አብረውት የመጡት የከተማው ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ሐብሐብ ይዘው ቀሩ። እሱ ብቻውን ኮከቦቹ መሃል ገባ። ከመታጠቂያው ሥር መታጠፊያው የሳሳ ወረቀት ብቅ ብሏል፤ ደጋግሞ ይነካዋል።

ሠላሳ አንዱን አልፎ ዘጠኙ ጋ ቆመ።

ዛሂር ጣቱን ጠርዙ ላይ አኖረ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ በረጅሙ ተነፈሰ።

"አንዲት ነጥብ አልጎደለችም" ብሎ ወደ ጥላው ተጣራ። የስግደቱን አቅጣጫ የሚያሳየውን የግድግዳ ክፍል፣ ሚህራቡንም ይኸው ሰው ይሥራው፤ ዙሪያውን በጽሑፍ ይሙላው አለ። ሽማግሌዎቹ አመሰገኑ፤ ሐብሐባቸውንም ጨርሰው ሄዱ።

ዛሂር ግን አልሄደም። ግራ ቀኙን አየ፣ ወረቀቱን አወጣ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ ቡንዳር፣ ልጄ ተድራ ከሄደች ወዲህ የላከችው ነው፤ ዓመት አለፈው። አንተ መቼም ፊደል የገባህ ሰው ነህ፤ እስቲ ማንም ሳይሰማ አንብብልኝ።"