አንሰልሞ ሚስቱ መሞቷን የሰማበት ጠዋት

«ሮዴል... ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ የተኛችው ሴትዮ ማናት?»

ካርታ ሲጫወቱ የነበሩት ለቀስተኞች ሁሉ ዞሩ።

«አባዬ... እማዬ ናት እኮ! ፐርፔቱዋ! ሚስትህ!»

ሽማግሌው አንሰልሞ «እህ...» አለና ወደሚበላው ሩዝ ተመለሰ።

ሮዴል አንገቱን ደፋ።

አባቱ ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጂፕኒ የሚሉትን የሕዝብ ታክሲ ሲነዳ፣ የማን ልጅ የት እንደሚወርድ ሳይነግሩት የሚያውቅ ሰው ነበር።

በሰባ አንድ ዓመቱ የሚጥል በሽታ ያዘው። መድኃኒት ጀመረ። መውደቁ ቀረ...

ግን ሰውየውም አብሮ ቀረ።

ቃል ይጠፋዋል... ሲጠሩት ቆይቶ ነው የሚዞረው... የልጅ ልጁን ስም እንኳ ረሳ።

«ያው እርጅና ነው» አለ ሮዴል።

ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ክኒኑ አለቀና አባቱን ጤና ጣቢያ ወሰደው። አዲሷ ሐኪም ሽማግሌውን ጥቂት አነጋገረችው።

«መርሳት የጀመሩት መቼ ነው?»

«መድኃኒቱን በጀመረ ሰሞን መሰለኝ...»

«ታዲያ ለሐኪም ተናገራችሁ?»

«እርጅና መስሎን...»

ደሙ ሲመረመር መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሟል። ለዕድሜው በዝቶበት ኖሯል! ሐኪሟ ቀስ በቀስ በሌላ ቀየረችለት።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ አንሰልሞ ጢሙን ተላጭቶ ከጓዳ ወጣ።

«አንተ ሮዴል! ይቺ እናትህ ገበያ ሄዳ እዚያው ቀረች እንዴ?»

ሮዴል በደስታ ሳቀ...

ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አባዬ... እማዬ ከሞተች አራት ወር ሊሞላት ነው።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ያዘ።

«እኔ... ቀበርኳት?»

«አዎ።»

«አለቀስኩላት?»

ሮዴል ክንዱን ይዞ ደገፈው።

ያልነገረው ሌላም ነገር ነበር። እናቱ በሕይወት ሳለች «ልጄ፣ ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ እኮ ነው እንዲህ የሆነው፤ ሐኪም ጠይቅልን» ብላ ሦስቴ ለምናዋለች።

እሱ ግን «እማዬ፣ አታካብጂ!» ነበር መልሱ።

ሰፈሩ ሐዘኑን ጨርሶ ወደ ሥራው ከተመለሰ ቆይቷል።

አንሰልሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ብቻውን፣ ገና ማልቀስ ጀመረ...

ወዳጆቼ፣ የሚረሳ ሽማግሌ ሁሉ በእርጅና ብቻ የረሳ እየመሰላችሁ አትለፉት። የሚያድነው ክኒን ራሱ አእምሮውን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። በገዛ እጃችሁ ግን እንዳታቋርጡት፣ አደጋ አለው! ሐኪም ጠይቁ። አብሮት የሚኖረውን ሰውም ስሙት።

እናንተ ሮዴልን ብትሆኑ፣ እናቱ የለመነችውን ለአባቱ ትነግሩት ነበር... ወይስ ይዛችሁት ትቀበሩ ነበር?