የቀረችው አንዲት ራጅ

የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ለኮሌጁ የራጅ ትምህርት ማመልከቻዋ የቀራት የደረት ራጅ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በወለወለችው የራጅ ክፍል ዛሬ መወልወያዋን በር ላይ ትታ ገባችና ማመልከቻዋን ለባለሙያዋ ሰጥታ ደረቷን ከቀዝቃዛው ሰሌዳ ጋር አጣበቀች።

«አየር ሳቢ፤ ያዢ!» አለቻት የራጅ ባለሙያዋ ከመስታወቱ ጀርባ።

ያዘች። ማሽኑ ጢጥ ብሎ ዝም አለ። «ተንፍሺ» የሚላት ግን ጠፋ። ጉንጯ ተነፋ፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ኧረ በፈጠረሽ ተንፍሺ በይኝ! ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አለች ትንፋሿን በአንዴ እየለቀቀች።

ባለሙያዋ ማመልከቻውን እንደያዘች ብቅ አለች። «ውጤትሽን ሳነብ ረሳሁት እኮ! በማታ ተምረሽ ሒሳብ ዘጠና ሁለት? አንቺ ጉደኛ!» ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና ከመስታወቱ ጀርባ ቦታ ለቀቀችላት።

«በይ ነይ፤ የሚቀጥለውን ታካሚ አንቺ ተንፍስ በይው።»