በሩን ያሰነፈው ኮድ

የመሥሪያ ቤቱ መግቢያ በር ሰንፏል። ግድግዳው ላይ ካለው ማንበቢያ ካርድ ሲያስነኩት እሺ ብሎ ይከፈታል፤ መዘጋቱን ግን ይረሳዋል። ነፋሱና አቧራው ሰውን ተከትሎ ይገባል፣ የእንግዳ ተቀባይዋ ወረቀት ይበተናል። ጥበቃው ካርድ የሌለው ሰው ሾልኮ እንዳይገባበት አንገቱን ሲያዞር ይውላል።

በሩን የሚያዘው ፕሮግራም የአዲሷ ፕሮግራመር ሥራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት መጥቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«ዛሬ መስተካከል አለበት» አላት። «የሙከራ ጊዜሽ እያለቀ ነው። ካልቻልሽ አንቺን አሰናብቼ ሽማግሌውን መልሼ እጠራለሁ።»

ሽማግሌው ጡረታ የወጣው የቀድሞው ፕሮግራመር ነው። ሥራውን ያስረከባት እሱ ነው። በሩ የሰነፈውም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። «በሩ አንቺን ካየ ወዲህ ሥራ ጠላ» ይሏታል።

ለነገሩ እሷን በሩ አስቸግሯት አያውቅም። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ትወጣለች። ትጋቷን ያላመሰገነ የለም። አንድ ነገር ብቻ አለባት፤ ላግዝሽ የሚላትን ሰው አትወድም። ሥራ በጀመረች ሰሞን ቦርሳሽን ልያዝልሽ ያላትን ጥበቃ በዓይኗ ገርፋዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

የበሩ ፕሮግራም የተጻፈበትን ስክሪፕት ከፈተች። ቋንቋው ቀላል ነው፤ አጭር ኮርስ የወሰደው ሥራ አስኪያጅ እንኳ ያነበዋል። አንብቦትም ጥፋት አላገኘበትም። መሐሉ ላይ ግን ሽማግሌው በሌላ፣ በጥንት ቋንቋ የጻፈውን ኮድ በትምህርተ ጥቅስ ጠቅልሎ ሰክቶበታል። ስክሪፕቱ እዚያ ሲደርስ አያነበውም። እንደ ታሸገ ዕቃ ተሸክሞ ለበሩ መሣሪያ ያቀብለዋል፤ ቋንቋውን የሚያውቀው መሣሪያው ብቻ ነው።

ቆርጣ አወጣችው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«እህቴ፣ አሁን ደግሞ ጨርሶ እምቢ አለ» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ሰው ውጭ ቆሞ እኔን ይሰድባል።»

መለሰችው። ከውስጡ አንዲት መስመር ልትቀይር ሞከረች፤ የጨመረችው ትምህርተ ጥቅስ ጥቅልሉን ቀድሞ ዘጋውና ስክሪፕቱ የባዕዱን ቋንቋ እንደ ራሱ ሊያነብ ገብቶ ስክሪኑን በስህተት ሞላው። ስህተቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው ይላታል። ሦስተኛውን መስመር ብታየው ባዶ ነው። ለካስ የሚቆጥረው ከባዕዱ ኮድ ራስ ጀምሮ ኖሯል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ረፈደ።

«አምላኬ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ» አለችና ለሽማግሌው ደወለች።

«ጋሼ፣ ያ ስክሪፕቱ መሐል የሰኩት ነገር ምንድን ነው?»

«ተይው ልጄ፤ እሱ ማንንም አይጎዳም።»

«ሰው ሁሉ እየጮኸብኝ እንዴት ልተወው? ለምንስ እንደ ሌላው በስክሪፕቱ ቋንቋ አልጻፉትም?»

«ሁሉ ሰው እንዳያነበው ነዋ።»

«የሚደበቅ ነገር አለው ማለት ነው?»

«ልምጣና አለቃሽን ላነጋግርልሽ?»

«እኔ እርዳታ አልጠየቅሁም።»

«እሱንማ መች አጣሁት» አለ ሽማግሌው፣ ሳቅ ብሎ። «ብቻ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።»

ስልኩን ዘጋችና ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለች በልቧ።

ከምሳ በኋላ ያንን የጥንት ቋንቋ መስመር በመስመር ትፈታው ጀመር። እየፈታች እየተሳሳተች፣ እየሰረዘች እየጻፈች፣ ዓይኗ እስኪቀላ። አብዛኛው ንጹሕ ሥራ ነው፤ ካርዱን ያያል፣ በሩን ይከፍታል። መጨረሻው ላይ ግን ቆም አለች። ኮዱ እዚያ ይቆጥራል። ከአንድ ተነሥቶ ይቆጥራል፣ ይቆጥራል፤ በቆጠረው ቁጥር ግን ምንም አይሠራበትም። ቆጥሮ ሲደክመው በሩን ዝጋ ይላል።

ከጎኑ ቀን ሰፍሮበታል። እሷ ሥራ በጀመረች ማግስት ነው።

ደሟ ፈላ። ሰውየው ሄዶም ወንበሩን አልለቀቀም። በሩን እያሰነፈ እሷን ሰነፍ ሊያሰኛት፣ በመጨረሻም ተለምኖ ሊመለስ።

«እግዜር ይይልህ» አለች።

ሁሉንም በስክሪፕቱ ቋንቋ እንደገና ጻፈችው፤ ቆጠራዋን ብቻ ተወቻት። የሽማግሌውን ኮድ ቅጂ እንኳ ሳታስቀር አጠፋችው። ከዚያ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ደወለች። «በይ አሁን ሞክሩልኝ።»

በስልኩ ውስጥ የበሩ ድምፅ፣ ከዚያ ሳቅ ተሰማ። «እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው የተዘጋው! ጥበቃችን ሲጎተት ውጭ ቀረ።»

ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ መጣ፤ ከሽማግሌው ኮድ ውስጥ ያገኘችውን ነገረችው። «ነገ የቋሚነትሽን ትፈርሚያለሽ» አላት። «እኔ እኮ ሽማግሌውን እንደ አባት ነበር የማየው።»

«ሰው አይታወቅም» አለች።

ወደ ማምሻው ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። በእያንዳንዳቸው ኋላ በሩ ቀጭ ሲል ከወንበሯ ሆና ትሰማዋለች፤ ድምፁ ጣማት። ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ጥበቃውም ወደ ውጭው አጥር ሲሄድ፣ ኮምፒውተሯን አጥፍታ ወጣች። ካርዷን ግድግዳው ላይ አስነካች። በሩ ተከፈተ።

ካርዱን ወደ ኪሷ መልሳ፣ ግድግዳውን አስደግፋው የነበረውን የቀኝ ምርኩዟን አንሥታ፣ ከግራው ጋር ወደፊት ልትሰነዝር ስትል በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ።