የጉልበት ድር

«ቆዩ አባ ወልዴ፣ እግሬ ተዘርግቶ አይታሰርብኝ!» ከድር የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

ወጌሻው ወልደ ሥላሴ ቀርቀሃውን ከታመመው እግር ጎን እንዳጋደሙ ቀና አሉ። ከድር ትናንት ከፍኖተ ሰላም ሲመለስ፣ ቡሬ መግቢያ ላይ ከጭነት መኪና ጭቃው ውስጥ ዘሎ ጉልበቱ ዞሮበታል። አጥንቱ ደህና ነው፤ የተጎዳው ጅማቱ ነው። ወጌሻው ደግሞ ጉልበት ሁሉ ተዘርግቶ ይታሰራል ባይ ናቸው። ጎረቤቱን ጁማንም እንዲሁ አስረውት ነበር። ጁማ ዛሬ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም፣ መስጊድም እግሩን ዘርግቶ ነው የሚሰግድ።

«የማይታጠፍ እግር የሸማኔ ጉድጓድ አይገባም» አለ ከድር። «ሽመናዬን ከማጣ ባነክስ ይሻለኛል።»

«አጥፌ ካሰርሁህማ ደርቆ ይቀራል! ዱላ ይዘህ ልትኖር?»

ከድር ዓይኑን ጨፈነ። ወጌሻው ለሕመሙ ያጠጡት የሥር መድኃኒት ራሱን አቅልሎታል፤ ደጅ የሚጥለው ዝናብ ከሩቅ አገር የሚዘንብ ይመስለዋል። ጉልበቱ ውስጥ ነጭ ድር ተዘርግቶ ታየው። አንዲት ክር ተበጥሳ ትወዛወዛለች። ድሩ ላልቶ ሳለ ቢቀጥላት ሲወጠር ትበጠሳለች፤ ተወጥሮ ሳለ ቢቀጥላት ሲላላ ትንጠለጠላለች። ይህን እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

«እጉድጓዱ አስገቡኝ» አለ። «እግሬ መርገጫው ላይ ሆኖ ከፍ ዝቅ ሲል ጅማቱን ይዳስሱልኝ፤ ሳይላላ ሳይወጠር የሚቆምበትን ያግኙልኝ።»

ወጌሻው ሳቁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምተህ፣ አሁን ወጌሻም ልታስር አማረህ?» ይሳቁ እንጂ ከከድር ሚስት ከናዚፋ ጋር ደግፈው እዚያው ቤት ካለው ጉድጓድ አወረዱት። በዚያ ዕድሜያቸው በደረታቸው ተኝተው ክንዳቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱ። መርገጫው በቀስታ ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። ጣታቸው ከጉልበቱ ኋላ ጅማቱን ይከተላል።

«እዚች ላይ» አሉ። «አልላላም፣ አልተወጠረምም።» እዚያው አሰሩት። «እስከ መስቀል አይፈታም። ከዚያ ወዲያ መታጠፍ መዘርጋቱን ፈጣሪ ያውቃል።»

ከድር ፈራ። ከፊቱ የልጁ የሙስሊማ የሰርግ ኩታ ግማሹ ተሸምኖ ተወጥሯል። በደህናው እግሩ አንዱን መርገጫ ረገጠና መወርወሪያውን ላከ። የታሰረው እግር ግን ሌላውን መርገጫ ሊያወርደው አልቻለም። ድሩ እንደተከፈተ ቀረ፤ መወርወሪያው መመለሻ አጣ።

ናዚፋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትል ኖረች እንጂ ጉድጓድ ወርዳ አታውቅም፤ በሰፈራቸው ሴት አትሸምንም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከጎኑ ወረደች። ወጌሻው የተረፈውን ቀርቀሃ እየለቀሙ ፊታቸውን ወደ ደጁ አዞሩ።

«የትኛውን ነው?» አለች ናዚፋ።

በክርኑ ጠቆማት። ረገጠች። መወርወሪያው ወደ ከድር እጅ ተመለሰ።