የፍሬን ጫማ

ጫማ ሰፊው ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው ካፖርት የገዛችለት ቀን ነው።

ካፖርቱ ወፍራም ነው፣ ውድም ነው። ይህቺ ሴት ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ከባለሱቅ ጋር ግማሽ ቀን የምትከራከር ናት። «ምን ተገኘ?» አላት። «ወንዝ ዳር ይበርድሃል ብዬ ነው» አለችው። ስንት መኸር በስስ ሹራብ ዓሣ ሲያጠምድ ያልታያት ብርድ ዘንድሮ ታያት።

ቀጥሎ ባልንጀራው ተለወጠ። ባልንጀራው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰው ሁሉ «ፍሬን» ይለዋል፤ መንገድ የምታቋርጥ ዶሮ እንኳ በሰላም እስክታልፍ ቆሞ ይጠብቃታላ። ሁለቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ወንዝ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ የጀመሩት ገና ወጣት ሳሉ ነው። ጫማ ሰፊው መንጠቆ ላይ ላባ በክር ጠምጥሞ ዝንብ ያስመስለዋል፤ ዓሣው ዝንብ ያገኘ መስሎት ዘሎ ይጎርሰዋል። የማጥመዱ ግማሽ ግን ጭቅጭቅ ነበር። ፍሬን «ልቀቀው፣ ይደግ» ይላል። ጫማ ሰፊው «ሆዴ ውስጥ ይደግ» ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ ይከተዋል። እንዲህ ሲነታረኩ ይመሻል፤ ደስም ይላቸው ነበር።

ዘንድሮ ፍሬን እሺ ባይ ሆነ። ቅርጫቱን እሱ ይሸከማል። ጥልቁንና ቀዝቃዛውን እሱ ይገባበታል፤ ፀሐይ የሚያርፍበትን ጥግ ለጫማ ሰፊው ይለቅለታል። ዓሣ በያዘ ቁጥር «እስቲ ቀና በል» እያለ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ማንንም አስነክቶት የማያውቀውን የአባቱን የማጥመጃ ዘንግ ሳይቀር «ያዘው፣ ያንተ ነው» ብሎ ሰጠው። ክረምት ላይ ጫማ ሰፊውን ሆዱን ሲያመው ሐኪም ቤት ያደረሰው፣ በኋላም ወረፋ ጠብቆ ውጤቱን የተቀበለለት እሱ ነው። «ጨጓራ ነው፣ ምንም አትሆን» ብሎ ነበር ያመጣለት።

ሚስቱም መነጫነጯን ተወች። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ ላይ ሲሄድ እያየች ዝም።

«ሰው እንዲህ የሚለሰልሰው የበደለህ እንደሆነ ነው» ሲል አሰበ ጫማ ሰፊው፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ቀበቶው ላይ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ እየበሳ። ቀበቶው ተለጥጦበታል። የዛሬ ቆዳ ቆዳ አይደለም።

አንድ እሁድ ጠዋት ፍሬን ሊወስደው መጣ። ጫማ ሰፊው ከጓሮ ዘንጉን ይዞ ሲመለስ በወጥ ቤቱ መስኮት ድምፃቸውን ሰማ።

«እኔስ ብነግረው ይሻለኛል» ትላለች ሚስቱ። «ፊት ለፊቱ ተቀምጬ መዋሸት ታከተኝ።»

«አደራ፣ እንዳትነግሪው» ይላል ፍሬን። «ከመኸሩ አያልፍም። እስከዚያ ዓሣውን ያጥምድ። ከዚያ በኋላ እኔ አለሁልሽ።»

ጫማ ሰፊው ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ገባ። ሚስቱ ዓይኗን ጠረገች። «ሽንኩርት ነው» አለች። ሽንኩርት በቤቱ አልነበረም።

በሳምንቱ ፍሬን ውሃ ውስጥ የሚገባበትን ቦት ጫማ ይዞ ሱቁ መጣ። የአንደኛው ሶል አፉን ከፍቷል።

«እሁድ የመጨረሻችን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማጥመድ ይከለከላል። ታደርስልኛለህ?»

«ላንተ ያልደረሰ ለማን ሊደርስ ነው?»

«ጥብቅ አድርገህ ስፋው እንግዲህ። ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

«አታስብ» አለው ጫማ ሰፊው።

በሥራው የሚታማ ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ስፌቱን ዘለለው። ሶሉን ውሃ በማይችል ማስቲሽ ለጠፈና ጠርዙን በቀለም አሳምሮ ሸፈነው። ለፍሬን፣ ፍሬን የሌለው ጫማ። ነገሩ ራሱን አሳቀው። ሳቁ ሆዱን ቢወጋው ጊዜ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

እሁድ ውሃው ሞልቶ ነበር። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰው እያራገፉ ነው፤ ወንዙ ቢጫ ለብሶ ይወርዳል። ጫማ ሰፊው ወርውሮ መሳት አያውቅም፤ ዝንቡን ካሰበበት ድንጋይ ሥር ያስቀምጠዋል። ያን ቀን መሃል ውሃ ላይ ወደተጋደመ ግንድ ወረወረውና መንጠቆው ተሰካ።

«ልግባና ላላቀው» አለ ለይስሙላ።

«አንተማ አትገባም» አለ ፍሬን። «ይበርድሃል። እኔ አለሁ አይደል?»

እኔ አለሁ። ያችኑ ቃል። ጫማ ሰፊው ጥቂት ርኅራኄ ቀርቶት ከነበረ እዚያው ላይ አለቀ።

ፍሬን ገባ። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ፣ ከዚያ ወገቡ። ግንዱን ሊይዝ ሲል አንድ እግሩ ከዳው። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ሶሉ ብቻውን ከቅጠሉ ጋር እየተንሳፈፈ ሲወርድ ጫማ ሰፊው አየው።

«ዘንጉን!» አለ ፍሬን እጁን ዘርግቶ።

ረጅም ዘንግ ነው፤ ይደርስ ነበር። ጫማ ሰፊው ክሩን ቆረጠና ዘንጉን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። ፍሬን መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ሁሉም የገባው መሰለ። አልተቆጣም። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ውሃው ቀደመው።

ጫማ ሰፊው አመሻሽ ላይ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ ካፖርቱን ልትቀበለው ተነሳች።

«ፍሬንን ውሃ ወሰደው» አላት። ውሽማዋን ያጣች ሴት ምን እንደምትሆን ለማየት ፊቷን ትክ ብሎ ያይ ነበር።

አልጮኸችም። ካፖርቱን እንዳቀፈች ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ቀና ብላ ፊቱን አየችው፣ ከዚያ ቀበቶውን።

«ታዲያ አሁን አንተን ማን ይቀብርልኛል?» አለች።